«ዋጋ በውስጥ መስመር»

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ብርማ ቪትዝ ስምንት ፎቶ ተነስታ ቴሌግራም ላይ ወጣች። ከፎቶዎቹ ሥር እንዲህ ተጽፏል፦ «ጥንቅቅ ያለች፣ የሴት እጅ፣ ስፖርት ቸርኬ፣ ምንም የማትፈልግ። ዋጋ በውስጥ መስመር። ደላላ አትደውሉ።» የለጠፈው ሰው ራሱ ደላላ ነው። እሱን እንተወው።

ደብረ ማርቆስ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። መጀመሪያ የተጠየቀው ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «ወንድም፣ ከየት ነው የምትደውለው?» ነው የተባለው። ከማርቆስ አለ። 1,750,000 ብር ተባለ። ነገሩ ከነከነኝና በማግሥቱ ጠዋት አዲስ አበባ ሆኜ እኔ ደወልኩ፣ «ቦሌ አካባቢ ነኝ፣ ከሰዓት መጥቼ ላያት እችላለሁ» አልኩ። 1,600,000፣ «መጥተህ ካየሃት በኋላ ትንሽ እንነጋገራለን»። ቀጥሎ ቨርጂኒያ ያለ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬን ለመንኩት። እሱ በአሜሪካ ቁጥሩ መልእክት ላከ። 1,950,000! «ለቤተሰብ ከሆነ ዛሬውኑ እናስረክባለን፣ አታስብ ወንድሜ» የሚል ፍቅር ተጨምሮበት።

ያችው ብርማ ቪትዝ ናት። ሰሌዳዋ ያው፣ ቸርኬዋም ያው። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ዋጋ ወጣላት፣ በትልቁና በትንሹ መካከል 350,000 ብር አለ። በ2018 አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ መንግሥት ቤት የሚቀጠር ልጅ መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር ነው ተብሏል። 350,000 ማለት የዚህ ልጅ የሠላሳ ወር ደመወዝ ነው፤ ቤት ኪራይ ሳይከፍል፣ ሳይበላ፣ ግብር ሳይቆረጥበት። ያን ሁሉ የወሰነው «ከየት ነው የምትደውለው?» ለሚለው ጥያቄ የሰጠነው መልስ ነው።

ይህን ስል «ክርክር እኮ ባህላችን ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነው። እኔም ያደግሁት በሬ በሚሸጥበት ገበያ ዳር ነው። ግን የበሬ ገበያና የመኪና ገበያ አንድ አይደሉም። በሬ ገዢው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ጀርባውን ይዳስሳል፣ እየነዳ ያስኬደዋል። ዙሪያውን ሌሎች አሥር በሬዎች አሉ፤ የጎረቤቱ በሬ በስንት እንደተሸጠ ጮክ ተብሎ ይሰማል። ሻጩ ቢያስወድድ ገዢው ጥሎት ይሄዳል። የክርክር ሥልጣን ጥሎ መሄድ ነው። ጥሎ መሄድ የማይችል ሰው የሚያደርገው ክርክር አይባልም፣ ልመና ነው የሚባለው።

የማርቆስ ሰው ደግሞ ጥሎ መሄድ አይችልም። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ የመንገዱን እገታና መዘጋት ፈርቶ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ገንዘቡን በባንክ አዛውሮ ነው የሚደርሰው። አልቤርጎ ይከፍላል። በሦስተኛው ቀን ባዶ እጁን መመለስ ለእሱ ኪሳራ ነው፣ ደላላው ይህን ከእሱ በተሻለ ያውቃል። «ከየት ነው የምትደውለው?» የምትለው ጥያቄ ትውውቅ እንዳይመስላችሁ። «ተመልሰህ መምጣት ትችላለህ ወይ?» ማለት ናት።

ይህ ጥርጣሬ ብቻ እንዳይመስል አንድ ከባሕር ማዶ ያለ ጉዳይ ላንሳ። ኢያን ኤርስና ፒተር ሲግልማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1995 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት አለ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ወንድ፣ ሴት ሆነው አንድ ዓይነት የክርክር ስልት የሠለጠኑ ገዢዎችን ቺካጎ አካባቢ ወዳሉ አዲስ መኪና ሻጮች ላኩ። ሁሉም የሚሉትን አስቀድመው አጥንተዋል፣ የሚለያየው መልካቸው ብቻ ነው። ለነጭ ወንዶች የተሰጠው ዋጋ ከሁሉ ዝቅ ያለ ሆነ። ጥቁሮችና ሴቶች ለዚያው መኪና የበለጠ ተጠየቁ። እዚያ ቆዳና ፆታ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የስልክ መነሻ ቁጥርና የአነጋገር ለዛ ይሠሩታል። ዋጋ የማይለጠፍበት ገበያ ገዢውን እየመዘነ ዋጋ ይቆርጣል።

ወደ ቪትዟ ልመለስ፤ ገዢውን ማወቅ ለደላላው የሚጠቅመውን ያህል ገዢው መኪናዋን ቢያውቅ የሚጠቀመው ብዙ ነውና።

ቪትዝ የሚለው ስም ቶዮታ ለጃፓን ገበያ የሰጠው ስም ነው። ያችው መኪና በሌላው ዓለም ያሪስ ትባላለች። ጃፓን የሚነዳው በግራ መስመር ስለሆነ ቪትዝ ከፋብሪካ ስትወጣ መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በአገራችን መንገድ ላይ መሪዋ በግራ ሆኖ የምትሄድ «ቪትዝ» ወይ ሰው በልማድ ቪትዝ የሚላት ያሪስ ናት፣ ወይ ደግሞ ዱባይ ወይም ሌላ ቦታ ዳሽቦርዷ ተነቅሎ፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ናት። ሁለቱ መኪኖች አንድ ዋጋ ሊኖራቸው አይገባም። የመሪ ዝውውር በጥንቃቄ ከተሠራ ዓመታት ይሄዳል፣ በችኮላ ከተሠራ የሰው ሕይወት ነው። ስንቱ ሻጭ ነው ይህን ነግሮ የሚሸጠው? ስንቱ ገዢስ ነው የሚጠይቀው? «የሴት እጅ» መሆኗን ግን ሁላችንም ሰምተናል። (የሴት እጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አገሪቱ ውስጥ የሚሸጡት መኪኖች በሙሉ የሴት ከነበሩ ወንዶቹ የነዱት ምንን ነው?)

«ስፖርት» የምትለዋም እንዲሁ ናት። ውድ የስፖርት መኪና፣ ሁለት በር ያላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄደዋ፣ የማርቆስ ጎዳና ላይ ብትመጣ ከመጀመሪያው ጉድጓድ አታልፍም። እዚህ ስፖርት ማለት ባለ ብዙ ጨረር አልሙኒየም ቸርኬ፣ ከኋላ የተለጠፈች አንዲት ክንፍ፣ ቀይ የወንበር ልብስና የጭስ ማውጫ ጫፍ ነው። ቪትዝም ስዊፍትም ከፋብሪካ የወጣ እውነተኛ የስፖርት ዓይነት አላቸው፣ ሞተራቸውም እገዳቸውም ይለያል። ነገር ግን ተለጣፊውን ማንም ገዝቶ ይለጥፋል። የአክስቴ ልጅ ለዚያች ቃል ምን ያህል እንደተጨመረበት ሲጠይቅ «እሷማ በነፃ ናት» ተባለ። ቆጣሪው ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትርም በነፃ ነበር። 84,000 ይላል። የፔዳሉ ጎማ ግን አልቆ ብረቱ ይታያል። ፔዳል በ84,000 ኪሎ ሜትር እንደዚያ አያልቅም።

ጃፓን ውስጥ አንድ ያገለገለ መኪና ለጨረታ ሲቀርብ መርማሪ አይቶ የሚሞላው ወረቀት አለ። የነዳውን ኪሎ ሜትር፣ ጭረቱን፣ የተቀየረውን አካል ሁሉ ያሰፍራል፣ ነጥብ ይሰጠዋል፤ አደጋ ደርሶበት የተጠገነውን ደግሞ «አር» በምትል ፊደል ለይቶ ያስቀምጠዋል። ከጃፓን ጨረታ የወጣች መኪና ከዚያ ወረቀት ጋር ነው የተወለደችው። እኛ ጋ ስትደርስ ወረቀቱ የለም። መንገድ ላይ የጠፋው መረጃ ለአንድ ሰው ትርፍ ሆኗል። አሜሪካም ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ መስኮቱ ላይ የገዢ መመሪያ እንዲለጥፍ ታዟል። ዋስትና አለው ወይስ ባለበት ሁኔታ ነው የሚሸጠው የሚለውን ሳይገልጽ መኪናውን ማቆም አይችልም።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው ኢኮኖሚስት በ1970 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ ስለዚሁ ነው፣ ምሳሌውም ያገለገለ መኪና ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገዢው ለሁሉም የአማካዩን ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይዘጋጃል። በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ የሚቀረው ብልሹው ነው። በዚህ ሥራው በ2001 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ተካፍሏል። የእኛ ገበያ ግን ከእሱ ሐሳብ በአንድ ነገር የከፋ ነው። እኛ ጋ ገዢው ሸሽቶ የሚሄድበት ሌላ ገበያ የለውም።

ለምን የለውም? ይህን ደላላው ላይ ብቻ መጫን ሐቀኝነት አይሆንም። በየካቲት 2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ዓላማው አሮጌ ብረት እንዳይገባ ነበር፣ ሐሳቡን አልቃወምም። ውጤቱ ግን ቀድመው የገቡት አሮጌዎች በአንድ ሌሊት ወርቅ መሆናቸው ነው። በጥቅምት 2015 የውጭ ምንዛሪ ከማይፈቀድላቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል የቤት መኪና ገባ። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። አንድ ወንዝ አራት ቦታ ላይ ገደቡት ማለት ነው። ከታች የቀረውን ኩሬ የያዘው ሰው እንደፈለገ ቢተምነው ምን ይደንቃል?

ግን ይቺን ልብ በሉ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የገባች፣ ቀረጧ በዚያን ጊዜ ብር የተከፈለ፣ ሦስት ባለቤት የለወጠች መኪና ዶላር በጨመረ ዕለት ማታውኑ ጨመረች። አንዳንዱ ሻጭ በዚያ ሳምንት «ለጊዜው አንሸጥም» ብሎ ፎቶውን አጠፋ። «ስንተካት የምንገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው» ይላሉ፣ ምክንያቱ ለነጋዴ ይገባል። ታዲያ ምንዛሪው ሲረጋጋ፣ ኤሌክትሪክ መኪና ከጎን ሲመጣና ፈላጊ ሲቀንስ ያው ሒሳብ ወደ ታች ለምን አይሠራም? ያን ጊዜ ደግሞ «እኔ በዚህ ነው የገዛሁት፣ አልከስርም» ይባላል። ሲወጣ የነገውን ዋጋ፣ ሲወርድ የትናንቱን ዋጋ።

«ኤሌክትሪክ ግዛ» የሚሉኝ አሉ። ከኤክሳይዝና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ተደርጋ፣ ተገጣጥማ ከገባች 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንድትከፍል ተወስኖ ነበር፣ ትክክል። ቻርጅ ማድረጊያው ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው ያለው። መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ከተማ፣ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣ ዳገት፣ ባትሪው ቢበላሽ የሚነካው መካኒክ በሌለበት፣ የማርቆስ ባለሱቅ ቪትዝ ቢመርጥ ኋላቀር ስለሆነ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ዋጋ የሚደበቀው ከገዢው ብቻ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በንግድ ቤቱ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲጽፍ ያዛል። ሽንኩርት ሻጯ ካርቶን ቀድዳ ዋጋ ትጽፋለች፣ ካልጻፈች ደንብ አስከባሪ ይመጣባታል። ሃያ መኪና አሰልፎ የቆመው ሾውሩም ግን አንድ ቁጥር አይለጥፍም፣ የሚጠይቀውም የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተለጠፈ ዋጋ ማስረጃ ነው። 1,600,000 ብሎ የለጠፈ ሰው ውል ላይ 400,000 ብሎ ለመጻፍ ይቸግረዋል።

ውሉ ላይ የሚጻፈውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ለመንግሥት የሚቀርብ» ውል አለ፣ «የውስጥ» ውል አለ። ባለቤትነት ሲዛወር የቴምብር ቀረጥ ከዋጋው 2 በመቶ ነው። በ1,600,000 ሲሰላ 32,000 ብር፣ በ400,000 ሲሰላ 8,000 ብር። ደላላው ለገዢው ውለታ እንደዋለለት ሆኖ «24,000 አተረፍኩልህ» ይለዋል። የአክስቴ ልጅም ተባለ፣ ደስም አለው።

አሁን ሞተሩ በሁለተኛው ወር ነከሰ እንበል። ወይም የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ሳይገጥም ተገኘ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢን አልረሳውም። ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ተጠያቂ ነው፣ ጉድለቱን እያወቀ የደበቀም «ባለበት ሁኔታ ነው የሸጥኩት» ብሎ አያመልጥም። ውሉ ይፍረስልኝ ብለህ ፍርድ ቤት ቆምክ። ስንት ይመለስልህ? የዚያው ሕግ ቁጥር 2005 በጽሑፍ የተደረገ ሰነድ በፈረሙት ሰዎች መካከል ስላለው ስምምነት የታመነ ማስረጃ ነው ይላል። የፈረምከው 400,000 ነው። የቀረውን 1,200,000 ማን ያየዋል? «የውስጡን» ውል ብታወጣ ደግሞ ራስህን ግብር በመሰወር እያጋለጥክ ነው። 24,000 ለማትረፍ 1,200,000 ያለ ማስረጃ አስረክበሃል። ሻጩ ግን ምንም አልከሰረም፣ ትርፉ የሚሰላበት ቁጥር በአራት እጥፍ አንሶለታል። ውለታው ለማን እንደተዋለ አስሉት።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ውክልና ነው። ብዙ ነጋዴ መኪናውን ሲገዛ በስሙ አያዛውርም፣ ከባለቤቱ ውክልና ብቻ ይወስዳል። በውክልና ለሌላ ይሸጣል፣ ሌላውም ውክልና ይቀበላል። ሊብሬው ላይ ያለው ሰው መኪናዋን ካያት አራት ዓመት ሆኖታል። ውክልና ደግሞ በልማድ እንደምናስበው የባለቤትነት ወረቀት አይደለም። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፣ ሲሞትም በመርህ ደረጃ አብሮት ያበቃል። ከዚያ ወራሾች ይመጣሉ። ወራሾቹ ሐቀኞች ቢሆኑ እንኳ አንዱ ካናዳ፣ አንዱ ሞጣ ነው።

ቀብዱንም ልጨምር። ሕጉ ቀብድ የሰጠ ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል። እኔ የማውቃቸው ነጋዴዎች የመጀመሪያውን ግማሽ በቃላቸው ይዘውታል። የተሻለ ገዢ ሲመጣላቸው ግን «ወንድም፣ ባለቤቱ ሐሳቡን ቀየረ፣ ብርህን ላክልኝ የምትለው አካውንት ስጠኝ» ነው። እጥፍ የተመለሰለት ሰው ካለ ይጻፍልኝ፣ ደስ ብሎኝ እለጥፈዋለሁ።

ጎጃም ላይ ይህ ሁሉ ለምን እንደሚጸና ለሚጠይቅ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ገዢ በቀን ሃምሳ መኪና እያየ ዋጋ ሲያነጻጽር የማርቆሱ ሰው የሚያውቀው በስልክ የተነገረውን ብቻ ነው። ያን ጊዜ በአንድ ደላላ ቃል ጤፉንና የከተማ ቦታውን ሸጦ ገንዘብ ያስገባ ሰው አውቃለሁ። የመጣችለት መኪና የመሪዋ ዘንግ የተበየደ ነበር። መካኒኩ ከሥር ገብቶ አይቶ ሲወጣ ለትንሽ ጊዜ ምንም አላለም።

መንግሥት ዋጋ ይተምን እያልኩ አይደለም። ተመን የወጣለት ዕቃ ከገበያ ጠፍቶ በጀሪካን እንደሚሸጥ ከነዳጁ ተምረናል። ክርክርም ይቅር አላልኩም። ይልቁን የመጀመሪያው ቁጥር ለሁሉም አንድ ሆኖ ይለጠፍ፣ ከዚያ እንከራከር። አዋጁ አለ፣ የሽንኩርት ሻጯ ላይ የሚሠራው ሾውሩሙ ላይም ይሥራ። የመኪና ገበያ ቻናል የምታስተዳድሩ ወንድሞች ደግሞ ማንንም ሳትጠብቁ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ዋጋ የሌለበትን ማስታወቂያ አትለጥፉ። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነና መሪው ተዛውሮ እንደሆነ አንድ መስመር ጨምሩ። የምታጡት ማስታወቂያ ይኖራል። ገዢም ሆይ፣ የከፈልከውን ጻፍ። ሻጩ «በዚህማ አልሸጥም» ካለ ለምን እንዳልሸጠልህ ነግሮሃል።

የአክስቴ ልጅ ብርማዋን አልገዛትም። እኔ ግን ለደላላው መልሼ ደወልኩለት፣ ጋዜጠኛ መሆኔንም ነገርኩት። ሦስቱን ዋጋዎች ስነግረው ሳቀ፣ በክፋት አይደለም። «ዋጋውን ብለጥፈው ማን ይደውላል?» አለኝ። ለምን አይደውሉም ብዬ ስጠይቀው ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ሁሉም ያውቀዋላ» አለ። ይህን በጻፍኩበት ምሽት ቻናሉን ከፍቼ አየሁ። ቪትዟ እንደገና ተለጥፋለች፣ ቸርኬዋ ተቀይሯል፣ ቆጣሪዋ 79,000 ይላል።